ወደ ላይ የቀረችው ማብሪያ

ገለጉ፣ ጥር 1 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይህች ወረቀት ሽንፋ ላለችው ለታላቅ እኅቴ እጅ ትግባ።

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? ዘንድሮ ወባው እናንተንም እንዳልማረ ሰምቻለሁ፤ ትንሿ ተነሣችልሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። አልጠየቅሽኝም እንጂ ብትጠይቂኝ፣ በዘነዘና የመታሽው ትከሻዬ ገጥሟል። እጄ ግን ከጆሮዬ በላይ አይነሣም። እሱን እንኳ በልቅሶ መሐል ስለሆነ ትቼልሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለማንም አታስነብቢ። መሠረተ ትምህርት ገብተሽ ፊደል ቆጥረሽ የለ? አንድ በአንድ እየለቀምሽም ቢሆን ራስሽ አንብቢው። በሰው እጅ ከገባ እኔን በሬዲዮው ጉዳይ ያስረሽነኛል። እሱ ግን ከሁሉም የሚቀለው ነው።

ቀሚስሽ ደርሶኛል። የጭነት መኪናው ሾፌር፣ የልብ አድርስ ሰው አገኘሽ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እያየ ጥቅሉን ፈትቶ አስረከበኝ። “ደም መመለስ ካቃተህ እሱን ልበስና ጥጥ ፍተል” ብለሽ የላክሽውንም በቃሉ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። አንደኛው ሳቁን ሲያረዝምብኝ በኩባያ ግንባሩን ተረተርኩት፤ ሁለት ቀን ታሰርኩበት። ይኸውልሽ፣ እንዲህ ሆኜ ነው የሰነበትኩት።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሁለተኛውን ወሬ ነው። እኔ ከጠፋሁ ባልሽ ወንድ እንደሆነ፣ ለጥምቀት ገብረማርያም ታቦት ሊያጅብ ሲወጣ ሊጥልልሽ እንደማለ ሰማሁ። ወንድማችንን ውቤን የገደሉት የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎች ናቸው፤ ገብረማርያም አዛዣቸው ነው፤ እንግዲያ ገዳዩ እሱ ነው ብለሽ ቆርጠሻል። ባልሽም አብሯቸው ስለሚታጠቅ ማንም ሳይጠረጥረው ይቀርበዋል ብለሻል። እትዬ፣ ገብረማርያም አይደለም! ያን ቀን ወባ ጥሎት መተማ ጤና ጣቢያ ተኝቶ ነበር። ሰዉ “ሰበብ ነው” ይላል። እኔ ግን የገዳዩን ድምፅ በዚህ በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አፌን ይዤ የኖርኩት ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ለጥምቀት የቀረው አሥር ቀን ነው።

ሬዲዮዎቹን ታውቂያቸዋለሽ። ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ሐሚድ የሚባል ሱዳናዊ የሸጠልኝ፣ የሕፃን መጫወቻ የሚመስሉ ርካሽ የእጅ መነጋገሪያዎች። ሲገዙ ድምፃቸው ከአንድ የሰሊጥ ማሳ አያልፍም፤ ጮኾ መጣራት ይሻል ነበር። እኔ ደግሞ በጃንሆይ ጊዜ ጦር ሠራዊት ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ጎጆዬ ውስጥ ክዳናቸውን ፈታሁ። በፍም ባጋልኩት ብረት እርሳስ እያቀለጥኩ አንቴናቸውን በመዳብ ሽቦ ቀጠልኩ። ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይበቃቸው የነበሩትን ስምንት አጎረስኳቸው። ሌላ ሰው እንዳያዳምጠን፣ ሞገዱን የምትወስነውን ጥፍር የምታህል ክሪስታል ሳይቀር ለወጥኩ። ከዚያ ወዲያ ከኮረብታ ኮረብታ ያነጋግሩን ጀመር። ሰሊጣችንን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ አንሰጥም ብለን በግመል ወደ ሱዳን ስናሻግር፣ እኔ ከፍታ ላይ ሆኜ መንገዱን አያለሁ፣ ውቤ ከግመሎቹ ጋር ይሄዳል።

ውቤ ምንሽር ፈንድቶበት ቀኝ እጁ ጣት አልባ ሆኖ የለ? በሬዲዮ ለመናገር መጫኛዋን ተጭኖ መያዝ ነው፤ ለመስማት መልቀቅ። እሱ በግራው ጠመንጃ ይዞ በምኑ ይጫን? እኔ ብልሁ መጫኛዋን ነቅዬ ከእጅ ባትሪ ላይ ያወጣኋትን ማብሪያ ተከልኩለት። ወደ ላይ ሲገፋት ይናገራል፣ ወደ ታች ሲመልሳት ይሰማል። በጉቶው ሲገፋት እንደ ልጅ ሳቀ። “አደራህን፣ ተናግረህ ስትጨርስ መልሳት። ወደ ላይ ከቀረች እኔ እሰማሃለሁ እንጂ አንተ አትሰማኝም” አልኩት። “እሺ ጌታው” አለኝ። እንዲህ ሲያሾፍብኝ ታውቂዋለሽ።

የኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው፣ እኩለ ቀን ላይ። ሱዳናዊ እንዲመስል ጀለቢያ ለብሶ፣ ጉቶውን በሰፊው እጅጌ ሸፍኖ፣ ጥምጣሙን እስከ ዓይኑ ጠምጥሞ ወደ ጓንግ ወረደ። “ሰላም ነው፣ ወንዙን ልሻገር ነው” አለኝ። ወዲያው ያልታጨደው ማሽላ ውስጥ አምስት ሰው አድፍጦ አየሁ፤ የጠመንጃቸው አፈሙዝ ያብለጨልጫል። መጫኛዬን ተጭኜ “ውቤ ተመለስ! ማሽላው ውስጥ ሰው አለ!” ብዬ ጮኽኩ። ስለቅ የሚሰማኝ የግመል ቃጭልና የሱ እንጉርጉሮ ነው። ደግሜ ጮኽኩ፤ እንጉርጉሮው ቀጠለ። ማብሪያዋን አልመለሳትም! ተኩሼ እንዳላነቃው ያለን አንድ ጠመንጃ ነው፣ እሱም በእጁ ነው። ቁልቁል ሮጥኩ። እነዚያን የተረገሙ ሬዲዮዎች ባልነካካቸው ኖሮ ከጎኑ አልርቅም ነበር እኮ፣ በባዶ ጩኸቴ እመልሰው ነበር። እትዬ፣ እኔ ነኝ ያደነቆርኩት።

እየሮጥኩ ሬዲዮዬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሁሉንም ሰማሁ። መጀመሪያ መሪዋን ግመል ጣሏት፤ ጩኸቷ የሰው ይመስል ነበር። ውቤ በግራው ሁለት ጥይት መለሰ። ከዚያ እሱን አገኙት፣ ሆዱ ላይ ይመስለኛል። ሱዳናዊ ነው ይበሉኝ ብሎ ይሁን አላውቅም፣ ቃል አልተነፈሰም፤ ጥርሱን ነክሶ ያቃስታል። አራቱ የበረገጉትን ግመሎች ሊያሳድዱ ሄዱ። አንዱ ብቻውን ወደ እሱ መጣ፤ አገዳውን እየረገጠ ሲሰብረው ይሰማኛል። “ላንተማ ጥይት አላባክንም” አለና በሰደፍ መታው። ደገመው። በሦስተኛው የወንድሜ ማቃሰት ቆመ። ለወንድሜ የነፈጋትን ጥይት ለፉከራው አወጣት፤ ወደ ሰማይ ተኩሶ ፎከረ። ያንን ፉከራ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ከዚያ በፊት የሰማሁት በአንቺ ሠርግ ላይ ነው።

ከዚያ ጥምጣሙን ይፈታ ጀመር፤ ጨርቁ ሲንሻሻ እሰማለሁ። ቀስ ብሎ “ውቤ?” አለ። ከዚያ በኋላማ እትዬ፣ ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። መሬቱን ይደበድባል፤ ራሱን ይመታል። “ወንድሜን በላሁት” ይላል። ሬዲዮዋን ሲያነሣት ትንፋሹ ጆሮዬ ሥር መጣ። ስሜን ጠራና “ሰምተሃል?” አለኝ። የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት፤ አንጀቱን በእጄ እንደማወጣው ነገርኩት። ማብሪያዋን መመለስ አላወቀምና አንዱም አልደረሰው። በድንጋይ ሲቀጠቅጣት ሰማሁ፣ ከዚያ ሬዲዮዬ ዝም አለ።

እኔ ስደርስ ደሙ ብቻ ነበር። ማታ ላይ ባልሽ “የጠፋ ከብት ስፈልግ ወድቆ አገኘሁት” ብሎ አስከሬኑን አመጣ። መቃብሩን ማንንም ሳያስነካ የቆፈረው እሱ ነው። አንቺ “ኮረብታ ላይ ተኝቶ ወንድሙን ያስበላ!” ብለሽ በዘነዘና ስትወርጂብኝ መሐል ገብቶ የያዘልኝም እሱ ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን።

በሣልስቱ ካራ ስዬ ደጅሽ ድረስ መጥቼ ነበር። ትንሿ ልጅሽ ትከሻው ላይ ተቀምጣ ጆሮውን ትጎትተዋለች፤ አንቺ ውስጥ ሆነሽ ስታለቅሺ ይሰማል። ካራውን ወደ አፎቱ ከትቼ ተመለስኩ። ሬዲዮዬን በመጥረቢያ ፈለጥኩና ወደዚህ ወረድኩ። ፈሪ ስትይኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ፈሪም ልሆን እችላለሁ፤ እኔም አሁን አላውቀውም።

ገብረማርያም ግን የሰባት ልጆች አባት ነው። ባልነካው ደም ሊሞት ነው፣ እኔ አሁንም ዝም ካልኩ ሁለተኛ ሰው ገደልኩ ማለት ነው፤ አንዱ ይበቃኛል። የማለልሽን ሰው አስቁሚው። ለምን እንደማለልሽ እኔን አትጠይቂኝ፤ ፊቱን እያየሽ ራሱን ጠይቂው።

የውቤ ደም ይመለስ ካልሽ ደግሞ አልሸሽም። በዚያው ሾፌር ቃልሽን ላኪብኝ፤ ጥምቀት ሳይገባ እደርሳለሁ፣ በአንድ እጄም ቢሆን። ይቅር ካልሽም እኔን እንደ ጠላሽኝ ኑሪ፤ ለምጄዋለሁ።

እግዚአብሔር ጤናውን ይስጥሽ። የውቤን ነፍስ ይማርልን። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። “ከነአባታቸው” ብዬ ልመርቅሽ ወይስ ልተወው፣ መልስሽን እጠብቃለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ