ቲርጻ በራሷ ጊዜ ታነባለች

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ልጆቼን የማስተምራቸው ራሴ፣ ቤት ውስጥ ነው፤ ዛሬ ትምህርት ጀመርን። ማለትም የቁርስ ሰሃን ተነሣና የምግብ ጠረጴዛው መማሪያ ክፍል ሆነ። ቲርጻ በባቄላ ማባዛት ተማረች፤ ትንሹ አሞስ አንዱን ባቄላ አፍንጫው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ዳቦ ጋገርን። መዝገቡ ላይ «ሒሳብ፣ አንድ ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። መንግሥት በዓመት ሺህ ሰዓት አስተምሩ ይላል፤ ዱቄትም ይመዘናል፣ ምን አጠፋሁ?

ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት። አርባ መጽሐፍ በነፃ ያውሱናል፣ መጽሐፉ በድምፅ የተነበበበትን ሲዲ ጭምር። ቲርጻ እያዳመጠች በጣቷ መስመሩን ትከተላለች፣ ገጹን ራሷ ትገልጣለች። አማቴ ቬርና ይህን ቢያዩ... ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምረው «ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ አይማርም» ይሉኛል። ያያሉ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

የሐሙስ ስብስባችን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት። ቤት የምናስተምር ስምንት እናት፣ ሃያ ስድስት ልጅ። ያገለገሉ መጻሕፍት ተለዋወጥን። ኮሪን ልጇ ሰባት ዓመት ሞልቶት እንደማያነብ ስትናገር ፊቷ ቀላ። መሪያችን ማርሊስ እንደ ልማዷ አጽናናቻት፤ ልጅ በራሱ ጊዜ ያነባል፣ ቡቃያ ጎትተሽ አታሳድጊም አለቻት። እኔም ጨመርኩበት። የኔዋን እዪ፣ አልገፋኋትም፣ ዛሬ መጽሐፍ ከእጇ አይለይም አልኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

የቲርጻ አሥረኛ ልደት። ኬክ ተበላ፣ ቬርና ካርድ ያለበት ፖስታ ሰጧት። ጮክ ብለሽ አንብቢልን አሏት። ከፈተችው፣ ፈገግ አለች። «ውድ ቲርጻ፣ እንኳን ለልደትሽ አደረሰሽ፣ በጣም እወድሻለሁ፣ አያትሽ።» ካርዱን አጥፋ አስቀመጠች። ባሌ ዌንደል አጨበጨበ። ቬርና አላጨበጨቡም። በሩን ያያሉ፣ ልጅቷን ያያሉ።

«እስቲ ድገሚው የኔ ቆንጆ።»

ደገመችው። ያንኑ።

ካርዱን ተቀበልኳት። «መኪናዬ ውስጥ ትንሽዬ ድመት አለችልሽ፤ ሮጠሽ አምጫት» ነው የሚለው። ሌላ አንድ ቃል የለበትም።

ቬርና ራሳቸው ወጥተው ድመቷን አመጡ። አሁን ያወርዱብኛል ብዬ ጠበቅኩ። የኬኩን ሰሃን ሰብስበው ያጥቡ ጀመር። ምነው በሰደቡኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ሰምታው የማታውቀውን መጽሐፍ መሃሉ ላይ ገልጬ ሰጠኋት። ሥዕሉን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ታሪክ ፈጠረች። ጥሩ ታሪክ ነበር። መጽሐፉ ላይ ግን የለም።

በቃሏ ነው ለካ ሁሉም... አጠገቧ ስንት ዓመት ተቀመጥኩ? ዓይኔ የት ነበር?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

በመንግሥት ትምህርት ቤት የንባብ ችግር ምርመራ በነፃ ነው፣ ቤት ለሚማርም። ማስታወቂያው ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፎ በየዓመቱ አልፌዋለሁ። ዛሬ ሄድን። መኪናዬን ከጀርባ በኩል አቆምኩ፣ ከስብስቡ ሰው እንዳያየኝ። እንዲህ ነኝ እንግዲህ።

መርማሪዋ ለስላሳ ሴት ናት። ልጅቷ ብሩህ ናት፣ የቸገራት ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት ነው፣ የታወቀ ነገር ነው፣ ማስተማሪያ መንገድ አለው አለችኝ። «በስድስት ዓመቷ መጥታ ቢሆን...» ብላ አቋረጠችው። ቀሪውን እኔው ጨረስኩት፣ በሆዴ።

ቤት ገብቼ ቬርና ጋ ደወልኩ። እርዱኝ ለማለት አፌ እሬት እሬት አለኝ። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብቻ አሉ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ቬርና በየቀኑ ይመጣሉ። ትሪ ላይ ዱቄት በትነው ፊደል በጣቷ ያስጽፏታል። ወጥ ቤት ውስጥ! ልናገር አልኩና ዋጥኩት። ዛሬ ስድስት ቃል አነበበች።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ስብስቡ። ኮሪን ቀርባ እጄን ያዘችኝ። ልጇ አሁንም አያነብም፣ ግን አንቺ ካልሽኝ ወዲህ እንቅልፍ አገኘሁ አለችኝ። እኔ ካልኳት ወዲህ! ተነሥቼ ለሁሉም ተናገርኩ። «ቲርጻ አሥር ዓመቷ ነው። አታነብም ነበር፣ እኔም አላወቅኩም። ኮሪን፣ ልጅሽን ነገውኑ አስመርምሪው።»

ማርሊስ ብስኩት ማዞር ጀመረች። እምነት ሲጎድል ሰው በልጁ ተስፋ ይቆርጣል አለች፣ ማንንም ሳታይ። ሌሎቹ የሻይ ኩባያቸውን ያያሉ። ኮሪን እያለቀሰች ኮቷን ለበሰች። እኔም ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ከእንግዲህ የሚጠሩኝ አይመስለኝም።

መኪና ውስጥ አሞስ ተኛ። ቲርጻ ለካ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«እማዬ፣ እውነት አታውቂም ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

የአሞስን ኮፍያ አስተካከለች።

«እኔ ደግሞ... ደደብ መሆኔን አውቀሽ፣ እንዳላፍር ብለሽ ዝም ያልሽኝ ይመስለኝ ነበር።»

መኪናውን ዳር አስያዝኩ። ደደብ አይደለሽም አልኳት። መርማሪዋ ያለችውን አንድ በአንድ ነገርኳት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት፣ ማልኩላት።

«እሺ እማዬ» አለችኝ። አላመነችኝም፤ እኔ እንዳላፍር ብላ ነው።