ከጓንዡ ቡራዩ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11። ጠዋት 2፡40
አስኮ ላይ ታክሲው ቆሟል። ከቡራዩ ከወጣሁ አንድ ሰዓት ሞላኝ። ዛሬም ማርፈዴ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት የምሸጥ ሰው በሚኒባስ መ/ቤት መድረስ አቃተኝ።

አባቢ ብሶበታል። ሐኪሙ ትናንት ወደ ቤት ውሰዱት አለን። ሁላችንም ገብቶናል። እማ ግን ለጀማል እንዳልነግረው ወላሂ አስብላኛለች። ወንድሜ ቻይና፣ ጓንዡ ሆኖ ለነጋዴዎች ዕቃ እየገዛ ይልካል። ከሄደ ሰባት ዓመቱ፤ አንዴም አልመጣም። በሰው አገር ብቻውን ይደነግጣል ትላለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ደንበኛ ሲጠፋ የጓንዡን በረራ ከፍቼ አየሁ። ስምንት ሺህ ኪ.ሜ. ገደማ። በቀጥታ አሥር ሰዓት ተኩል። ለሰው ስናገረው የኖርኩት ቁጥር ነው። ዛሬ በራሳችን አሰብኩት። እኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም። አባቢ ጠዋት ቢያርፍ ከሰዓት በኋላ ይቀበራል። ጀማል ያን ጊዜ ሰምቶ ቢነሳ አፈሩን ነው የሚያገኘው።

ማታ ይህንኑ ለእማ አስረዳኋት። አላህ ያውቃል ብላ ተነሳች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14። ምሳ ሰዓት
መሐላዬን አፈረስኩ። ደወልኩለት።
«እውነቱን ንገሪኝ፣ እደርሳለሁ?» አለኝ።
ዛሬ ማታ ከተነሳህ አልኩት። እያናገርኩት ቲኬቱን ቆረጥኩ። ስሙን ስጽፍ አንድ ፊደል እንኳ አልተሳሳትኩም። ገረመኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ንጋት ላይ ገባ። ከቦሌ ቡራዩ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። እማ በር ላይ አቀፈችው፤ እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። አባቢ ነቅቶ ነበር።
«ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»
«አሥር ሰዓት ተኩል፣ አባቢ።»
አባቢ ትንሽ አሰበ። እሱ በልጅነቱ ከጅማ አዲስ አበባ በጭነት መኪና ሁለት ቀን ነው የተጓዘው።
«ይኸው ነው እንዴ? እኔ እኮ የማይደረስበት መስሎኝ ነበር።»
ድምፁ ውስጥ ቅሬታ የለም። ጀማል ግን ጓሮ ወጥቶ ብዙ ቆየ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17
አባቢ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዐረፈ። ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳለቀ ተቀበረ። ጀማል ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ተቀበለው። እኛ ሴቶቹ ቤት ነበርን፤ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ናቸው የነገሩኝ። ልቅሶ አልመጣልኝም። ሰሃን አጥቤ አጥቤ ስጨርስ እንደገና አጠብኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27
ጀማል ትናንት ወደ ጓንዡ ተመለሰ። እማ ስለ መሐላው አንድም ቀን አላነሳችም። ዛሬ ከሥራ ስገባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።
«ዘዩ፣ ያ አሥር ሰዓት ለእኔም ያው ነው?»
ወደዚያ ሲኬድ እንዲያውም ትንሽ ያጥራል አልኳት። ፓስፖርት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀች። ባል የሞተባት ሴት የምትጠብቀው ዒዳ ላይ ናት፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም። ሲያልቅ ፎቶ ትነሳለች፣ ከዚያ ልጇ ዘንድ ትሄዳለች። ቆርጣለች። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ አልፈለገችም። ብቻዋን ነው የምትሄደው። የመስኮት ወንበር ያዢልኝ ብላኛለች።