ሞተሩ ቀዝቅዞ አልነበረም

ይድረስ ለምወድህ፣ ለማከብርህ፣ ዛሬ ደግሞ ዓይን ዓይንህን ማየት ለማልችለው አባቴ፤

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ አሁንም ግድግዳ ትይዛለህ ወይስ ሐኪሙ የሰጠህ ቅባት ረዳህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? የእማዬ ግፊት ተስተካከለ ወይ? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ዛሬ ደህና ነኝ እያለች ትዘለዋለች? ሬዲዮስ እንዴት ናት? ትንሿን እህቴን ሬዲዮ ያልናት ዝም ማለት ስለማትችል ነበር፤ አሁን ግን ያ ጠባይዋ ባለውለታዬ ሆኗል፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብለህ ታነበዋለህ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ሆዴ ግን ደህና አይደለም።

ይህን ደብዳቤ ለሬዲዮ ሰጥተህ እንዳታስነብብ። መነጽርህን አድርግና ራስህ አንብበው። በስልክ ልነግርህ አራት ጊዜ ደወልኩ፤ አራቱንም ጊዜ ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁት። ታውቀኝ የለ፣ ወሬ ሲሆን አፌ አይዘጋም፣ ቁም ነገር ሲሆን ምላሴ ይተሳሰራል። ወረቀት ይሻላል፤ ቢያንስ ድምፅህን እየሰማሁ አልሸሽም።

ነገሩ የመኪናዋ ነገር ነው። እንደምታውቀው የምሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ከምኖርበት ሰፈር ሩቅ ነው። ሁለት አውቶቡስ እቀያይራለሁ፤ የመጀመሪያው ከዘገየ ሁለተኛው ያመልጠኛል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኖቹ ፊት ካልቆምኩ ተቆጣጣሪዋ እጇን አጣምራ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስጠነቀቀችኝ። ያኔ ነው ምን ዓይነት መኪና ልግዛ ብዬ የጠየቅኩህ። አንተም ደስ ብሎህ፣ ድሮ የቤት ሥራ ስታሠራኝ እንደነበረው ረጋ ብለህ፣ ለዚህን ያህል ምልልስ ያገለገለች አጭር የናፍጣ መኪና ትሻልሻለች፣ በትንሽ ነዳጅ ብዙ ትሄዳለች፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈተውን ብትገዢ ወንበሩን አጥፈሽ ዕቃም ትጭኚባታለሽ፣ ማርጀቷ አያስፈራሽ፣ አያያዟን እይ አልከኝ።

ከዚያ ትእዛዝህን ደረደርክልኝ። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ክፈቺ፣ ጭስ ከተፋብሽ ተያት። ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ ቀለሙን እይ። ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ጠይቂ። ከሁሉም ከሁሉም ግን ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳለ አስነሺው፤ የሞቀ የናፍጣ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል፤ ሳይሞቅ አስነሺና ስልኩን አቅርበሽ አሰሚኝ አልክ። እኔም እሺ አልኩ። አንተ እኮ ካቻቢቴህን ሞተሩ ላይ አስደግፈህ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ፣ አንድ ብሎን ሳይፈታ በሽታውን የምትናገር ሰው ነህ። ጋራዡ ሁሉ ስምህን ትቶ ጆሮው እያለ የሚጠራህ በከንቱ አይደለም። እኔንም ገና ስድስት ዓመቴ ሳይሞላ ሁለት መኪና ጎን ለጎን አስነስተህ የትኛው ነው የሚያስለው እያልክ ትፈትነኝ ነበር። ስለዚህ አላወቅኩም ነበር ብዬ አልምልም፤ አሳምሬ አውቃለሁ።

መኪናዋን የሚሸጡት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። ደጃቸው ስደርስ መኪናዋ ታጥባ ታብረቀርቃለች። ልትታይ ነው ብዬ አሁን አሳጥቤያት መመለሴ ነው ልጄ አሉኝ። ኮፈኑን በእጄ ስነካው ትኩስ ነው። ወንበር አወጡልኝ፣ ሻይ አቀረቡልኝ፣ የአገልግሎት ደብተሯን ከነደረሰኙ ጭኔ ላይ ዘረጉልኝ። እንግዲህ ምን ልበል? ሞተርዎ እስኪቀዘቅዝ ሦስት አራት ሰዓት ልቀመጥ ልበል? ነገ ጠዋት ተመልሼ ልምጣ ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። እንደዚያ ብል ውሸታም ነዎት ያልኳቸው መሰለኝ። በዚያ ላይ ሰኞ በመኪና እመጣለሁ ብዬ መሥሪያ ቤት አስወርቻለሁ፤ አንሶላ አጣፊዋን ባልደረባዬን እንኳ ከደጅሽ አነሳሻለሁ ብያታለሁ። ጉራ መቼም አይለቀኝም።

ደወልኩልህ። ሞተሩን አስነሳሁና ስልኩን አቀረብኩ። ብዙ አዳመጥክ። ከዚያ «ልጄ፣ ቀዝቅዞ ነበር?» አልከኝ።

«አዎ አባዬ፣ በረዶ ነበር» አልኩህ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አጥፊውና እንደገና አስነሺው አልከኝ፤ አስነሳሁ። ደግመህ አዳመጥክ። ቀዝቅዞ እንዲህ ከሆነማ ጤነኛ ነው፣ ግዢያት አልክ። ለማላውቃቸው ሴት አፍሬ አንተን ዋሸሁህ አባዬ። ይኸው፣ ተናገርኩት።

ሁለት ወር ደህና ሄድኩባት። እውነቱን ልንገርህና ደስ ትል ነበር፤ አንዴ የሞላሁላት ናፍጣ አላልቅ ይል ነበር፣ ተቆጣጣሪዋም በር ላይ መቆም ተወች። ብርዱ ሲገባ ጉዱ ወጣ። ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሪኖው ይጮሃል፣ ሞተሩ አይነሳም፤ ሲነሳም ግቢውን በነጭ ጭስ ሞልቶ፣ ጠጠር የጨመሩበት ቆርቆሮ ይመስል እየተንኳኳ ነው። ጎረቤቶቼ እያጉረመረሙ መስኮታቸውን ይዘጋሉ። አንሶላ አጣፊዋ ከቤቷ እየመጣች ስንቴ በሥራ ልብሷ ገፋችልኝ መሰለህ። በመጨረሻ መካኒክ አየውና የአንዱ ሲሊንደር ፋሻ አልቋል፣ ሲቀዘቅዝ ግፊቱን አይዝም፣ ሞተሩ ወርዶ ካልተከፈተ ተስፋ የለውም አለኝ። ለመምህርቷ ደውዬ ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑ። ውይ ልጄ፣ ጠዋት ጠዋትማ ታስቸግራለች እኮ፣ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር አሉኝ። ሴትዮዋ የደበቁኝ ነገር አልነበረም፤ አልጠየቅኳቸውም።

መኪናዋስ ትቅር። ግቢ ውስጥ ቆማለች፣ እኔም ወደ ሁለቱ አውቶቡሶቼ ተመልሻለሁ። የሚያንገበግበኝ ከዚያ ወዲህ ያደረግኩት ነው። ሞተሩ አበቃለት ብዬ ስነግርህ ትቆጣለህ ብዬ ነበር፤ አልተቆጣህም። «እንግዲህ ጆሮዬ ሄዷል ማለት ነው፤ ይቅር በዪኝ ልጄ» አልከኝ። አባዬ፣ አንተ እኔን ይቅርታ ጠየቅከኝ! ያን ጊዜ «አይደለም፣ ዋሽቼህ ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አይዞህ፣ መኪናዋ አርጅታ ነው ብዬ ላጽናናህ ሞከርኩ። እስቲ አስበው፣ ራሴ አቁስዬህ ራሴ አጽናኝ ሆንኩ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሬዲዮ ደወለችልኝ። ጋራዥ መሄድ ከተውክ ወር እንዳለፈህ የነገረችኝ እሷ ናት፤ አትቆጣት። ለጋራዡ አለቃ ጆሮ ያለው ሰው ፈልግ ብለህ ካቻቢቴህን አስረክበህ መጣህ አሉ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሞተሩን ሊያሰማህ ከሩቅ መጥቶ ቢለምንህ፣ እኔ እንኳን ሞተር የበር መንኳኳትም አልሰማ ብለህ መለስከው። ሰው ሳቀ፣ አንተ ግን አልሳቅክም። በደጅ መኪና ሲያልፍ ተነስተህ ወደ ጓዳ ትገባለህ፣ ምግብም በስንት ልመና ነው የምትቀምሰው አለችኝ። ይህን የሰማሁት ሥራ ቦታ ነው፤ ያልታጠበ አንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። አርባ ዓመት የኖርክበትን ሥራ በአንዲት ውሸት ቀማሁህ።

ስለዚህ ስማኝ አባዬ። ጆሮህ አልተሳሳተም። ያሰማሁህ የሞቀ ሞተር ነው፤ እንደ ሞቀ ሞተር ነው የሰማኸው። የፈረድከው እኔ በነገርኩህ ላይ ተነስተህ ነው። እንዲያውም ቀዝቅዞ ነበር ወይ ብለህ መጠየቅህ፣ አጥፊውና አስነሺው ማለትህ፣ የሆነ ነገር እንደሸተተህ ይመሰክራል። ጆሮህ ጠርጥሮ ነበር፤ ልጄ አትዋሸኝም ብለህ እሱን ትተህ እኔን አመንክ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል።

ይቅርታህን ዛሬ አልለምንህም፤ እሱ በራስህ ጊዜ ይሁን። አፈር ስሆንልህ ካቻቢቴህን መልሰህ ውሰድና ጋራዥህ ግባ። ልጅህ ውሸታም ሆናለች፣ አንተ ግን ደህና ትሰማለህ።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ መድኃኒቷን ብትዘል ሬዲዮ እንደምትነግረኝ ንገራት። ሬዲዮን አመስግንልኝ፤ ያቺን ቀን ባትደውልልኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እያድበሰበስኩ ነበር። ሞት ይርሳኝ፣ አክስቴንም ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ደርሶኛል፣ እጅጌው ትንሽ ረዝሟል እንጂ ሙቀቱ ግሩም ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። አውቅሃለሁ፣ የልጄን ገመና አላወጣም ብለህ ይህን ደብዳቤ አጥፈህ ኪስህ ትከተዋለህ። ስለዚህ ከአንተ በፊት ለጋራዡ አለቃ ጻፍኩ፤ የእሱ ደብዳቤ ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው። እዚህ የነገርኩህን ሁሉ ለእሱም ነግሬዋለሁ፤ ሠራተኛው ለምሳ ሲሰበሰብ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ለምኜዋለሁ። ይህ እጅህ ሲገባ እነሱ ሰምተውታል። ወደ ጋራዡ መልሰው ሊወስዱህ ሲመጡ ውጣላቸው። በእኔ ቢስቁም፣ ቢሰድቡኝም ዝም ብለህ ስማቸው፤ ለእኔ ብለህ እንዳትዋሽላቸው።

ልጅህ

ከኪራይ ክፍሌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ
ጥር 19 ቀን