በመጽሐፍሽ የሞተችው እናት

ሐረር፣ ጥር 1958 ዓ.ም.

ልጄ መብሩካ፣ አላህ በካይሮ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ በመጽሐፍሽ ውስጥ ግን ገድለሽኛል።

ልቦለድሽን ጎረቤታችን አስተማሪዋ ፀሐይ ከዳር እስከ ዳር አነበበችልኝ። እውነተኛ ማንነቷን የምትፈልግ ልጅ ታሪክ ነው። እናቷ በመጀመሪያው ገጽ ትሞታለች። ልጅቷም፣ ለትዳር መድረሷን ጠያቂ እንዲያውቅ አጎቷ ጠቅልሎ ከበሩ በላይ ያስቀመጠውን ምንጣፍ በገዛ እጇ አውርዳ ትኮበልላለች።

በገዛ እጇ! ያን ጠዋት አንቺ ተሸፋፍነሽ ስታለቅሺ፣ ሣጥን ላይ ወጥቼ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ ወስጄ መኪና ላይ ያሳፈርኩሽም እኔ ነኝ። አጎትሽ ዐብዱልወሃብ በዚህ የተነሳ ይኸው አራት ዓመት ሰላምታ ነስቶኛል።

ልልክልሽ የሰፋሁትን ሙዳይ ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት።

ፀሐይ መጽሐፉን ስትዘጋ፣ «ፊደል አስቆጥሪኝ» አልኳት። ይህን ደብዳቤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። አሁን ደግሞ የራሴን መጽሐፍ ጀምሬያለሁ። በእኔ መጽሐፍ ልጅቷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ተሸፋፍና ታለቅሳለች። ስሟንም አልቀየርኩም።

ወረቀት አልቆብኛልና ላኪልኝ። አላህ እስክታነቢው ድረስ ዕድሜ ይስጥሽ።

እናትሽ ሐዲያ