አልነሳም ያለው ባለቤቴ

ማክሰኞ

ባለቤቴን ታደሰን ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት። በሩ ተዘጋ፤ እኔ የነጠላዬን ጫፍ እያኘክሁ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ጡረታ የወጣ መምህር በርሜል ላይ ቆሞ አሸንዳ ካላስተካከልኩ ይላል? ዝናቡ ራሱ ገና አልመጣም! የጭኑ አጥንት ከዳሌው ዝቅ ብሎ ለሁለት ተሰብሯል። ሐኪሙ አጥንቱ ውስጥ ረጅም ብረት አስገብቶ በብሎን ያስረዋል አሉኝ።

በሰላም ወጣ። ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ አሸንዳው ነው። ሳቅሁም፣ አለቀስሁም።

ረቡዕ

ዛሬ ይቁም አሉ። "ከተኙ ሳንባዎ ይታመማል፣ ደምዎ ይረጋል። አይፍሩ፣ ብረቱ ይሸከምዎታል" አለው ሐኪሙ። ታደሰ ብረት ሲታጠፍ አይቻለሁ ብሎ አሻፈረኝ አለ። ለካ ፈርቷል። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር ሲፈራ አላየሁም።

ሾርባ ጠጣ። ራጁን ለጠያቂ ሁሉ ያሳያል። እግሩን ግን መሬት አያስነካም።

ሐሙስ

ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። ከሰዓት በኋላ ማሳል ጀመረ። ዶሎ ኦዶ ያለችው ልጃችን ደውላ "እማ፣ እንደ ሕፃን አታባብይው" አለችኝ። እንዴት አላባብለው? ያ ሳል አስጨንቆኛል።

ዓርብ

ጠዋትም እንቢ አለ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አባ ጃርሶ ከሊበን በጭነት መኪና መጥተው ገቡ። ታደሰ ገና ወጣት ሆኖ ገጠር ሲመደብ፣ ቤታቸው አስገብተው ወተት ያጠጡት ሽማግሌ ናቸው። ዛሬም መምህር ይሉታል፣ በኦሮምኛ።

"ባርሲሳ! አካም? ናጋ?"

"ኖር!" አለ ታደሰ። ብሎም ብድግ አለ።

"ታኢ፣ ታኢ! ተቀመጥ እንጂ! እግርህ አይደል እንዴ የተሰበረው?"

"አንቱ ቆመው እኔ ልቀመጥ?"

ከዚያ ቁልቁል እግሩን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ። ላብ አጠመቀው፤ ብረቱ ግን አልታጠፈም። ነርሷ ሮጣ መራመጃውን አስያዘችው። አባ ጃርሶን እስከ በሩ ሸኛቸው። እኔ ግድግዳ ተደግፌ እንደ ልጅ አነባሁ።

ቅዳሜ

ሳሉ አልለቀቀውም፣ ግን ቀለል ብሏል። ቤት ስንመለስ ደረጃውን እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም።

ጠዋት ምሳ ዕቃውን ይዤ ስገባ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ዛሬም ልንጨቃጨቅ ነው ብዬ ምሳ ዕቃውን አስቀመጥኩ። መራመጃውን ጨበጠ።

"ኖር" አለኝ።

በትዳራችን ዘመን ሁሉ ስገባ ስወጣ ተነስቶልኝ አያውቅም።

"በእግዜር" አልኩት።