ለእርቅ የተቀረጸ ቆዳ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ

እሑድ ልታረቅ ነው። አባባ ምሳ ላይ ነገሩኝ፣ ፊቴን ሳያዩ። ሽማግሌዎቹ ሦስት፣ ቦታው የእኛ ሳሎን፣ የሚመሩት ጎረቤታችን ቀኛዝማች። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ራሱ ይመጣል። ከታረቅን መስከረም ላይ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። ካልታረቅን የአስተማሪነቴ ነገር አበቃ፤ የትም ሄጄ ብጠይቅ ስለ ጠባዬ የሚጠየቀው እሱ ነው።

«እሺ» አልኩ። ገዳም ግቢ ቢሉኝም እሺ እል ነበር።

ነገሩን እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልጻፍኩትም። ግንቦት ላይ የፈተና ወረቀት ላስረክብ ቢሮው ገባሁ። በሩን ቆለፈና ያዘኝ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የቀለም ጠርሙስ አንስቼ ግንባሩን መታሁት፣ በሩ ላይ የቀረውን ቁልፍ አዙሬ ወጣሁ። በሳምንቱ ተባረርኩ። ምክንያቱ፦ አለቃዋ ላይ እጇን አነሳች። እውነት ነው፣ አንስቻለሁ።

ያን ቀን ለእማዬ ልነግራት ስጀምር፣ ገና «በሩን ሲቆልፍ» እንዳልኩ አፌን በእጇ ከደነችው። «ተይ ልጄ! ይሄ ከቤት ከወጣ የሚያገባሽ የለም።» ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሙ «ጠቡ» ነው። አባባም የሚያውቁት ጠቡን ብቻ ነው።

ረቡዕ

ዝናብ። ኮልፌ ጭቃ ብቻ ሆኗል።

ቆዳ መቅረጽ የጀመርኩት ከተባረርኩ በኋላ ነው። መምህራን ማሠልጠኛ እያለን በእጅ ሥራ ክፍል ትንሽ ተምረነው ነበር፤ ያኔ ሰልችቶኝ ነበር። አሁን ሌላ የማደርገው የለኝም። መሣሪያዎቼ፦ እንጨት ላይ የታሰረ ምላጭ። ጫፉ የተሞረደ የጃንጥላ ሽቦ። ለማለስለሻ የማንኪያ ጀርባ። ጌጥ ለመምታት ደግሞ ራሳቸውን የሞረድኳቸው ሚስማሮች፣ ጦር ኃይሎች ካለው የአባባ ሱቅ።

እማዬ ይሄን ነገር አትወደውም።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ያስተማርንሽ ፋቂ እንድትሆኚ ነው? ሰው ሽታውን ቢሰማ ምን ይላል?»

«ፋቂ ቆዳ ያለፋል። እኔ የለፋውን ነው የምቀርጸው።»

«ይኸው! ሙያውንም ለይታዋለች!»

ፋቂ የምትለው ለስድብ ነው። የቆዳ ጫማዋን ግን እስከ ዛሬ አውልቃ አልጣለችም።

ማታ ላይ ግን ቆዳዬ ተሾመ። አባባ ሥራዬን እያገላበጡ አዩና «አስካለ፣ እሑድ ባዶ እጅሽን አትቀርቢም» አሉ። «ለሰውየው አንድ የወረቀት መያዣ ሥሪለት። ስሙን መሐሉ ላይ ቅረጪበት። ክብር ይሰማው።»

ክብር ይሰማው።

«እሺ አባባ።»

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ቀረጽኩ። ቆዳው በጣም ከራሰ የቆረጡት መስመር ተመልሶ ይገጥማል፤ ከደረቀ ደግሞ ምላጩ ይቦጭቀዋል። በጨርቅ አርሶ መጠበቅ ነው፤ ፊቱ ወደ ቀድሞ መልኩ ሊመለስ ሲል ግን ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ያኔ ይቆረጣል። ይሄን ለማወቅ ስንት ቁራጭ አበላሽቻለሁ።

ጠርዙን ዙሪያውን ሐረግ አደረግኩበት፣ የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ እንዳለው ዓይነት፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ እየገባ የሚወጣ። አንድም ቦታ አልሳትኩም። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ወይም ልናደድ። እንደ ሌላ ሰው ሥራ አየሁትና አስቀመጥኩት።

መሐሉ ባዶ ነው። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በእርሳስ ጻፍኩ። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ። ምላጩን አስጠጋሁ።

እራት ደረሰ ብለው ጠሩኝ።

ዓርብ

ቀኛዝማች ሊያለማምዱኝ መጡ። በጭቃ ቦቲያቸው ሳሎኑ መሐል ቆመው እሱን ሆኑ፣ ራሳቸውን ሆኑ፣ ደግሞ እኔን ሆኑ። እኔን ሲሆኑ አንገታቸውን ሰብረው መሬት መሬት ያያሉ።

«እኔ ‹ይቅር ተባባሉ› ስል እሱ ‹ይቅር ለእግዜር› ይላል። አንቺም ‹ይቅር ለእግዜር› ትያለሽ። ጉልበቴን ትስሚያለሽ። በቃ! ምን ይከብዳል? ብቻ አደራ፣ እንደ ክቡር ዘበኛ ተገትረሽ እንዳትቆሚ።»

እማዬ ሳቀች። አባባም ፈገግ አሉ። ሰዎቹ እኮ ክፉ አይደሉም። እየደከሙ ያሉት ለእኔ ነው።

አባባ ሲወጡ «ስሙስ?» አሉ።

«ነገ።»

ቅዳሜ

ለቀለሙ መበጥበጫ አልኮል ልገዛ ጦር ኃይሎች ድረስ በእግሬ ሄድኩ። የቆዳ ቀለም በቀዝቃዛው ነው የሚቀባው፣ በጨርቅ፣ በስሱ፣ እየደጋገሙ። ቀይ ላደርገው ነበር።

ስመለስ እማዬ ጓሮ በራፍ ላይ ቆማለች። እጆቿ እስከ ክርኗ ቀይ ናቸው።

«ላግዝሽ ብዬ ነው» አለች።

ሰፌድ የምትሰፋበትን የአለላ ቀለም አፍልታ፣ ቆዳዬን እንደ አለላ ከነፍላቱ ነክራዋለች። አወጣሁት። ከእጄ መዳፍ ብዙ አይበልጥም፤ ተኮራምቷል፣ ጠንክሯል፣ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል። ሐረጉ ተጨማዶ የአሮጊት ግንባር መስሏል።

«እማዬ፣ የፈላ ውኃ ውስጥ?»

«ታዲያ! ካልፈላ መቼ ቀለም ይይዛል?»

«አለላ ሣር ነው። ይሄ እኮ ቆዳ ነው፣ በሰለ።»

ቆዳውን ከእጄ ተቀብላ አየችው። «እውነትም» አለች ቀስ ብላ፣ «ቋንጣ አደረግኩት።»

ሳቅኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ፊቷም እንደ እጇ ቀላ። «ፋቂ ያልኩሽ እኔ፣ ይኸው እኔው አበላሸሁብሽ። አባትሽን ምን እንላቸዋለን?»

እኔ ስለ አባባ አላሰብኩም። ቆዳውን እያየሁ ያሰብኩት ሌላ ነው፦ በእጄ ከወጣው ሁሉ የተሻለውን ለእሱ ልሰጥ ነበር። በገዛ እጄ፣ ጎንበስ ብዬ። ማንም አላስገደደኝም፤ እሺ፣ እሺ እያልኩ እዚህ ደረስኩ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። እሱ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ግንባሩ ላይ ጠባሳዋ ትታያለች፣ ትንሽ ናት። አባባ ሁለት ጊዜ ተነስተው ወንበር አመቻቹለት። ስለ መያዣው እማዬ ጠዋት «አልደረሰም» ብላቸዋለች።

ቀኛዝማች መረቁ፣ ስለ ሰላም ረዘም አድርገው ተናገሩ። ከዚያ አቆሙን።

«ይቅር ተባባሉ።»

«ይቅር ለእግዜር» አለ። ቶሎ አለው፣ ለትራፊክ ፖሊስ መንጃ ፈቃድ እንደሚያሳይ ሰው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ማለት ይቻል ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ምንም አይሰማኝም ነበር።

«ምኑን?» አልኩ።

ቀኛዝማች ያልሰማሁ መሰላቸው። «ይቅር ለእግዜር በይ፣ ልጄ።»

«እላለሁ። ግን ምኑን ይቅር እንደምል እሳቸው ይንገሩኝ። በሽማግሌ ፊት ይናገሩትና እኔም እላለሁ።»

«ያው… የተፈጠረውን አለመግባባት» አለ፣ ወደ ቀኛዝማች እያየ።

«ምን ተፈጠረ?»

«አስካለ!» አባባ ናቸው።

ቀኛዝማች እጃቸውን ዘረጉ። «ተይ እንጂ። በእርቅ ላይ ዝርዝር አይነሳም። ያለፈው አልፏል ተብሎ ይሸፈናል፤ ወጉ ይሄ ነው።»

«ወጉን አከብራለሁ፣ ቀኛዝማች። የሚሸፈነውን ግን አንድ ጊዜ ልየው። ጥፋቱ የእኔ ከሆነም ይንገሯችሁ። እኔ እጄን አንስቻለሁ። ለምን እንዳነሳሁ እሳቸው ያውቃሉ።» ወደ እሱ ዞርኩ። «ይንገሯቸው እንጂ። ቆሜ እየጠበቅኩ ነው።»

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። የሱ ዓይን በር በሩን ያያል። ከዚያ ባርኔጣውን አነሳ። «ልጅቷ ጤና የላትም። እኔ ለአባቷ ብዬ ነው የመጣሁት» አለና ወጣ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ተከትለውት ወጡ፤ ቀኛዝማች በሩ ላይ ቆም ብለው አዩኝ።

አባባ «አዋረድሽኝ» አሉ።

እማዬ ለእርቁ የሠራችው ዶሮ አልተነካም።

ሰኞ

አባባ ሳያናግሩኝ ወጡ። ምሳም አልመጡም።

እማዬ መጥታ «ሰው የማያወራ መሰለሽ? ቧንቧ ጋ ሁሉም ያወራል» አለች። ምን ይላሉ አልኳት። «ግማሹ እብድ ናት ይላል።» ግማሹስ? እጣቢውን ልትደፋ ወጣች።

አዲስ ቆዳ ቆረጥኩ። ለምን እንደሚሆን አላውቅም። ብቻ አረጠብኩት።

አስተማሪነቱ አልቋል ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ይሄን ጻፍኩና እንደገና አነበብኩት። እንደ ሌላ ሰው ወሬ ነው የሚሰማኝ።

ማክሰኞ

አባባ ዛሬ ሱቁን በጊዜ ዘግተው መጡ። ከኋላዬ ሲቆሙ ካፖርታቸው ያንጠባጥባል። ከቆዳው ቀና አላልኩም።

«ከእሑድ ጀምሮ ሳስበው ከረምኩ» አሉ። «አንቺ ጥፋተኛ ብትሆኚ ኖሮ ያ ሰውዬ ይናገር ነበር። እንዴት አድርጎ ይናገር ነበር! አፍ የሚያጣ ሰው አይደለም።»

ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንኩት።

በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «ምን አደረገሽ?»

ነገርኳቸው። ረጅም ነገር አይደለም፤ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። እማዬ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አላቋረጠችኝም። አባባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «በቁልፍ ነው የቆለፈው?» በቁልፍ፣ አልኩ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ደጋግመው ነቀነቁ።

«ወንበር አመቻቸሁለት» አሉ። «ሁለት ጊዜ።»

ተነስተው የራሰ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። ቀኛዝማች ዘንድ እንደሚሄዱ ተናገሩ። ምን ሊሏቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም የወሰኑ አልመሰለኝም። እማዬ ጃንጥላ ይዛ ተከተለቻቸው።

ወደ ቆዳዬ ተመለስኩ። መቁረጥ አልቻልኩም። ጥርሴ ይጋጫል። ብርድ አይደለም። ምላጩን ራቅ አድርጌ አስቀምጬ፣ እስኪተወኝ ልጠብቅ ብዬ ተቀመጥኩ። እነሱ ገና አልተመለሱም።