ውርጭ የሚመጣው ሰማይ ሲጠራ ነው

ጥቅምት 6

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። አንድ አሮጌ ኮት ገለበጥኩ። ከጎኔ ጨርቅ የሚሸጠው ይማም ጠዋት ብቅ ብሎ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትሰፋ ነው?» አለኝ። ከስፌት መኪናዬ ይልቅ ምላሴ እንደሚሰፋ ንፋስ መውጫ ሁሉ ያውቃል። «አንተን» አልኩት። ሆዱን አየሁና «የአርብ ገበያ አህያ፤ ጭነቱ ወደፊት የተንሸራተተ» አልኩት። ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ።

ከሰዓት እህቴ ብርሃኔ ሽምብራ ተሸክማ አለፈች። «ባቄላዬ፣ ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ ወንድምዓለም።» አልቆመችም። ባቄላ ያልኳት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን ቄሱ ሳይቀሩ በዚሁ ነው የሚጠሯት። አንድ ስም ይህን ያህል ከቆየ ያወጣውን ሰው ያኮራል… አያኮራም? ያኮራል እንጂ።

ጥቅምት 9

ሀና መጣች። የወንድማችን ልጅ። አባቷ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ ከቀረ ወዲህ ያሳደገቻት ብርሃኔ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል፤ ተመስገን። የአማርኛ መምህሯ ዳኛቸው ድርሰት አዘዋል። ጥሩ የጻፈ ኅዳር ላይ ወላጅ ፊት ያነባል።

«አጎቴ፣ ተለዋጭ ዘይቤ የሚሉት ምንድን ነው? መምህሩ ነግረውናል፤ አልገባኝም።»

እኔ ከዳዊት ንባብ በላይ የተማርኩት የለም። የቀረውን ከአሮጌ መጻሕፍት ለቃቅሜ ነው። ይህን ግን አውቃለሁ። «ነገሩን በስሙ አትጥሪው። ጎረቤቱን ጥሪ፤ እሱ ራሱ ይመጣል» አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ደስ አለኝ።

«በቀጥታ ቢነገርስ?»

«በቀጥታ የነገሩት ሰው ይቆጣል። በምሳሌ የነገሩት መጀመሪያ ይስቃል። ቤቱ ሲደርስ ነው የሚገባው።»

«ሁልጊዜ ይገባዋል?»

«ሞኝ ካልሆነ።»

ጥቅምት 17

ረቂቋን ይዛ መጣች። የመጀመሪያው መስመር፦ «እሱ እንደ ውርጭ ነው።»

«እሱ ማነው?» አልኳት። አፏን ከፈተች። እኔ እርሳሴን አንስቼ ነበር። «ተይው፣ ‹እሱ› አያስፈልግም። ‹እንደ› ደግሞ አጥር ነው፤ አፍርሽው። ውርጭ ብቻ በይ።» ሁለቱንም ሰረዝኩ። ትንሽ አየችኝ። «እሺ» አለች።

የቀረው ግን… እንዲህ ይላል፦ «ውርጭ ክፉ ፊት የለውም። የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። ከዋክብቱ ሁሉ ይስቃሉ። ባቄላዋም ያማረ ቀን መስሏት አበባዋን ትሰጠዋለች።» ይህን የጻፈችው የእኛ ልጅ ናት? ዝናብ ጮሆ ይመጣል፣ በረዶ ጮሆ ይመጣል። ውርጭ ነው ፈገግ ብሎ የሚመጣው። እኔ ሃምሳ ስድስት ዓመት ጋይንት ኖሬ ይህን አላልኩም።

መጨረሻው ጎደለኝ። ሲነጋስ? ከራሴ ጨመርኩላት፦ «ፀሐይ ስትወጣ ውርጩ ይቀልጣል። ምን አደረግኩ? ይላል።» ሀና ቀና አለች። «አጎቴ፣ ይህችን ከየት አመጧት?» «ከራሴ ነዋ።» ደብተሯን ይዛ ሄደች።

ማታ ከመዝጋቴ በፊት ከድርሰቷ የገለበጥኩትን ለይማም አነበብኩለት። «ውርጩ ሞት ነው» ብዬም ፈታሁለት። «ጥሩ ነው» ብሎ ጨርቅ ሊያጣጥፍ ሄደ። ጨርቁ የታጠፈ ነበር።

ጥቅምት 26

ሜዳው ነጭ ሆኖ አደረ። ሳሩ ከእግር ሥር ይሰበራል። ከደጋው የወረዱ ሰዎች ባቄላው አለቀ ይላሉ።

ኅዳር 5

መርፌውን አስቀመጥኩ። እንደሆነው ልጻፈው።

ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ረፋድ ላይ። ወላጅ ሞልቷል። ከፊት ተቀመጥኩ። ብርሃኔ ከኋላዬ፣ ከዳር። መምህር ዳኛቸው የሀናን ስም ጠሩ። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

«ሰማዩ ጥርት ሲል» ስትል ከኋላ ሹክሹክታ ተነሳ። «ባቄላዋም» ስትል ቆመ። ሰው ወደ ብርሃኔ ያያል፤ ከዚያ ወደ እኔ። ድርሰቱን ያረምኩት እኔ መሆኔን ሰምተዋል ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ጅል። ሲያልቅ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ከጎኔ ጉልት የምትቸረችረው አዛለች ነበረች። «ውርጩ ሞት ነው» አልኳት።

«ሞት እንኳ አንዴ ነው የሚመጣው፣ አያ ላቀው» አለችኝ።

ያኔ ዞርኩ። ብርሃኔ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መሬት ታያለች። ሀና መሬት አላየችም። እኔን ነበር የምታየው።

ኅዳር 6

አልከፈትኩም።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። የሚካኤል ማኅበር ነበር፣ እኔ ቤት። ብርሃኔ ካገባች አምስተኛ ዓመቷ። ጠላ ትቀዳለች። አንዱ «ምነው፣ የብርሃኔን ልጅ ሳንስም?» አለ። እኔ መቼ ዝም ልል… «ብርሃኔማ ውርጭ የመታት ባቄላ ናት፤ አበባዋን ያየ ሁሉ እሸት ይጠብቃል» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባሏም ሳቀ። በዓመቱ ፈታት።

በእኔ ነገር ነው የፈታት? አላውቅም። ስሙ ግን ተለጥፎባት ቀረ። ባቄላውን ሁሉም ያዘው። ውርጩን እኔም ረሳሁት። ሀና ያኔ አልተወለደችም። ማን ነገራት? ለካ አንድ ሰው ቃል በቃል ይዞታል…

«እሱ ማነው» ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሱን ግን አልጠበቅኩም። በገዛ እርሳሴ ራሴን ሰርዤ ወጣሁ።

ኅዳር 8

ይማምን ጠየቅኩት። «ያን ቀን ገብቶህ ነበር?»

«ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«አንተ ስታስተምር ማን ያቋርጥሃል?» አልሳቀም።

ከዚያ ብርሃኔ ቤት። ማሰሮ ታጥባለች። «ብርሃኔ» አልኩ ከበሩ። ማሰሮውን ለቀቀችው። «ማን ሞተ?» አለች።

በስሟ ስጠራት መርዶ መሰላት።

«ማንም አልሞተም። ይቅር በይኝ ልልሽ…»

«ተወው ወንድምዓለም። ልጅቱን ብቻ እንዳትቆጣት።»

«አልቆጣትም። ግን አንድ ቀን እንኳ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬሃለሁ። የፈታኝ ሳምንት እያለቀስኩ ቤትህ መጥቼ ነገርኩህ። እንባዬን አየህና ‹ይኸው ውርጩ ቀለጠ› አልከኝ። ሚስትህ ሳቀች።»

«አላስታውስም።»

«አታስታውስም። ማስታወሱ የእኔ ሥራ ነው።»

ማሰሮዋን ማጠብ ቀጠለች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ውጣም አላለችም። ቆሜ ቆሜ ወጣሁ። ከራሴ ጨመርኩ ያልኳት መስመር… ከራሴ አልነበረችም። ከእንባዋ የቀዳኋት ነች።

ኅዳር 12

የሚካኤል ማኅበር፣ ወርቁ ቤት።

ይህ ወርቁ አፉ እንደ እኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ገና ሳልቀመጥ «ባቄላ፣ ለወንድምሽ ቅጂለት» አላት። ብርሃኔ ከጋኑ አጠገብ ነበረች።

ተነሳሁ። «ባቄላ አትበሏት። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ መለስኩት። ብርሃኔ ነው ስሟ» አልኩ።

ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ አንዱ «መጨረሻዋስ?» አለ። ቀልዱን ይጠብቃሉ። «መጨረሻ የላትም። ይኸው ነው» አልኩ። ይህንኑ ቀልድ ብለው ሳቁ። ዕድሜ ልኬን ሳስቃቸው ኖሬ፣ ዛሬ አንድ እውነት ብናገር ማን ይቀበለኝ?

ወርቁ እንባውን እየጠረገ «በሉ ጋቢ አምጡ፤ አያ ውርጩ መጣብን» አለ። ቤቱ ተናጋ። እንደዚያን ቀን። ስሙ ተለጥፎብኝ እንደሚቀር አወቅኩት። ነገ ገበያው፣ ከነገ ወዲያ ቄሱ… ጽዋዬን እያየሁ ቁጭ አልኩ። ለካ ጆሮ ሥር እንዲህ ያቃጥላል።

ብርሃኔ አልሳቀችም። መቅጃዋን ይዛ መጣች፣ ጽዋዬን ሞላችልኝ። ወደ እኔ አላየችም። ወደ ወርቁ ነበር የምታየው።

«ስም አለው» አለችው። «ላቀው ይባላል።»

ሳቁ ቆመ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ስስቅ፣ እኔ ያላልኩላት ይህንኑ ነው።